የተርሚናል ጣሪያ፦ ከውበቱ በፊት ስሌቱ

እ.ኤ.አ. በሜይ 23 ቀን 2004 በፓሪሱ ሻርል ደ ጎል ኤርፖርት፣ አገልግሎት ከጀመረ ዓመት ያልሞላው ተርሚናል 2ኢ በከፊል ተደርምሶ አራት ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ጥፋቱን በአንድ ስህተት ላይ አልጣለም። የኮንክሪት ቅስቱ በቂ ትርፍ አቅም አልነበረውም፤ የብረት ድጋፎቹ ያረፉበት ቦታም ደካማ ነበር። የፈረሰው ክፍል በብረትና በመስታወት እንደገና ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፈተ።

የጃፓኑ ካንሳይ ኤርፖርት ታሪክ ሌላ ነው። በሬንዞ ፒያኖ የተነደፈው፣ 1.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ተርሚናል በሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ቆሟል። ዋናውን አዳራሽ የሚሸፍኑት በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተሳሰሩ የብረት ተሸካሚዎች ከ80 ሜትር በላይ ይዘረጋሉ። ደሴቱ እየሰጠመ ስለሚሄድ ምሰሶዎቹ በጃክ ከፍ እንዲሉ ታስቦ ተሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 የኮቤ ርዕደ መሬት ሲመታ ሕንፃው ከባድ ጉዳት አልደረሰበትም።

ልዩነቱን የፈጠረው ብረቱ ብቻ አይደለም። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይለጠጣል፤ ይህ ጠባዩ የሚጠቅመው ግን መጋጠሚያው፣ ብየዳውና ቡሎኑ በትክክል ሲሰላና ሲፈተሽ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። አዲሱ ኤርፖርት የታቀደላት ቢሾፍቱ የምትገኘው በስምጥ ሸለቆው አካባቢ ነው፤ በዚያው ሸለቆ ባለው የፈንታሌ ተራራ ዙሪያ የተነሣው መንቀጥቀጥም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስለዚህ የአዲሱ ተርሚናል ጣሪያ ስሌት ከነዳፊው ውጭ በሆኑ ገለልተኛ መሐንዲሶች ይመርመር፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጽ።