የባሕሩን ወሬ አደመቅን፣ የሐይቁን ልጅ ረሳን

ሰሞኑን የትም ብትሄዱ ወሬው ባሕር ነው። ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ስለ ወደብ ያልተነጋገረ የለም። ጥያቄው ተገቢ አይደለም አልልም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እጃችን ላይ ያለውን ውሃስ የሚያጠናልን ማን ነው?

ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ። ሁለተኛ ዲግሪውን የሠራው ስለ ሐይቅ ነው። ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ እየተከራየ፣ ከኪሱ እየከፈለ ስምንት ወር የውሃ ናሙና ሰበሰበ። ተመረቀ፣ ተጨበጨበለት። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ወጣ፣ እሱ ሱቅ ከፈተ። «ቀጥል ያለኝ ማን አለ?» ይለኛል፣ የደንበኛ ስልክ እየጠገነ።

የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ነገር ግን ሐይቅ በስምንት ወር አይታወቅም። ክረምቱ ከበጋው፣ ዘንድሮው ከአምናው ይለያል። ለውጡ የሚገባን ዓመት ከዓመት ስንለካው ነው። ተመራቂው ሲሄድ ልኬቱም አብሮት ይቆማል፤ ቀጣዩ ተማሪ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ጣናን ተመልከቱ። እንቦጭ ሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አገር ተጠራርቶ በእጁ ሲነቅል ያየነው ግን ከዓመታት በኋላ፣ አረሙ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ከወረረ ወዲያ ነበር። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ የአንድ ሰሞን ዘመቻ አይበቃም፤ በየወሩ ዳርቻውን እየዞረ የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እንቦጭን የሚበላ ጢንዚዛ አርብተው የለቀቁትም በጥናት ላይ ተመሥርተው ነው።

እዚያው ጣና ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ፣ ላቢዮባርበስ የሚባሉ ከአሥር በላይ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። በ1990ዎቹ እነዚህን አንድ በአንድ ለይተው ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል ከሆላንዱ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። የኛው እሸቴ ደጀንም የጣናን ትንንሽ ዓሦች አጥንቶ ዶክትሬቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2003 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው። የሆላንዶቹ ልጆች ከኛዎቹ የተለየ ጭንቅላት አልነበራቸውም። የነበራቸው ጊዜና ጀልባ ነው።

«ሆስፒታል መድኃኒት ባጣበት አገር ለዓሣ ጥናት ገንዘብ?» የሚል አይጠፋም። የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር የምትጠጣውን ከሩቅ ማስመጣት ግድ ሆነባት። ከዚያ ወጪ ጋር ሲነጻጸር የአንድ ወጣት ተመራማሪ ደመወዝ ምን ያህል ነው?

ጣናም ሐሮማያም ሩቅ ነው ካላችሁ፣ በኛው በኮልፌ በኩል ትንሹ አቃቂ ያልፋል። የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። በመንገዱም ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል፤ ያንን የምንበላው እኛ ነን።

ታዲያ ምን ይደረግ? አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ሰበታ የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ። እነዚህ ተቋማት በየዓመቱ ጥቂት አዲስ ተመራቂዎችን ለሦስት ዓመት ይያዙ፤ መጠነኛ ደመወዝ፣ ጀልባና ላብራቶሪ ይስጧቸው። በምላሹ የለኩት ሁሉ ለማንም ክፍት በሆነ አንድ ቋት ይቀመጥ። ቀጣዩ ልጅ ካቆሙበት ይቀጥላል። የተባበሩት መንግሥታት ከ2021 እስከ 2030 ያለውን የውቅያኖስ ሳይንስ አሥርት ብሎ ሲሰይም፣ በሥራው መጀመሪያ ላይ ላሉ ወጣት ባለሙያዎች የተለየ መርሐ ግብር አብሮ ይዟል። ውቅያኖስ ባይኖረንም ሐሳቡን ለሐይቆቻችን ብንወስደው የሚከለክለን የለም።

ነገ የባሕር በር ቢገኝ እንኳ የባሕሩን ዓሣ፣ ማዕበሉን፣ ብክለቱን የሚያጠናልን ማን ሊሆን ነው? ሐይቅ ላይ ተለማምዶ ያደገ ሰው ነዋ። ያ ሰው ዛሬ አጠና ተራ ስልክ እየጠገነ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር እንሰንብት።