ወንጀልን መግለጥና ወንጀልን መፍጠር

ለመንግሥት ሹማምንት ሥልጣን የተሰጠበት ዋናው ምክንያት ሕዝብን ከክፉ አድራጊ ለመጠበቅ ነው። ጉቦና የተከለከለ ዕፅ ንግድ በሰጪና በተቀባይ መካከል በስውር የሚፈጸሙ ስለ ሆኑ፣ ተበደልሁ ብሎ የሚጮኽ ከሳሽ አይገኝባቸውም። ስለዚህ ፖሊስ ገዢ መስሎ ቢቀርብ በዚህ ብቻ አይነቀፍም። ነገር ግን ወንጀልን መግለጥ ሌላ፤ ወንጀልን መፍጠርም ሌላ ነው።

ይህን ልዩነት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. በሶረልስ ጉዳይ መርምሮታል። መጠጥ በተከለከለበት በዚያ ዘመን፣ አንድ የመንግሥት መርማሪ በሰሜን ካሮላይና መንገደኛ መስሎ ወደ አንድ የቀድሞ ወታደር ቤት ገባ። ሁለቱም በታላቁ ጦርነት በአንድ ክፍለ ጦር የዘመቱ ነበሩና፣ የጦር ሜዳውን ትዝታ እያነሣ መጠጥ እንዲያመጣለት ደጋግሞ ለመነው። ያም አስቀድሞ እንቢ ብሎ ሳለ በመጨረሻ ሄዶ አመጣለት፤ ወዲያውም ተያዘና ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ፍርዱን ሻረው።

ፍርዱን በሻሩት ዳኞች መካከል ስለ ምክንያቱ ልዩነት ተገኘ። ሊቀ ዳኛው ሂዩዝ ተከሳሹ አስቀድሞ ወደ ወንጀሉ ያዘነበለ ነበርን ብለው ጠየቁ። ዳኛው ሮበርትስ ደግሞ ሊመረመር የሚገባው የመርማሪው ሥራ ነው፤ ፍርድ ቤትም ንጽሕናውን ራሱ ሊጠብቅ ይገባል አሉ። እነሆ ሁለቱ መመዘኛዎች ከዚህ ወጡ።

የፊተኛው መመዘኛ በአሜሪካ ጸንቶ ቢኖርም፣ የሰውን ያለፈ ጥፋት ለመቈስቈስ በር ይከፍታል። በ1958 ዓ.ም. በሸርማን ጉዳይ፣ ከዕፅ ሱስ ለመዳን የሚታከም አንድ ሰው፣ ሕመምተኛ ነኝ በሚል ጠቋሚ ልመና ተሸነፈ። ዐቃቤ ሕጉ የ9 እና የ5 ዓመት አሮጌ ፍርዶችን ቢያቀርብም ፍርድ ቤቱ አይበቃም አለ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ዝንባሌው መንግሥት ከመቅረቡ በፊት የነበረ ለመሆኑ ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት አለበት ተባለ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1988 ዓ.ም. የፖሊስን ሥራ መረመረ፤ ይኸውም በቂ ጥርጣሬ ወይም እውነተኛ ምርመራ ሳይኖረው ማንንም እንዳይፈትን፣ ቢኖረውም አጋጣሚ ከመስጠት አልፎ እንዳይገፋፋ ነው።

ይህ የኋለኛው መንገድ ይሻላል። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ ዳኛ ግን ሥራን ሊመዝን ይችላል። በዚህ ምክንያት በደለኛ ያመልጣል የሚል ቢኖር፣ ለወንጀል የተዘጋጀ ሰው በሩ ሲከፈትለት ራሱ ይገባል እንጂ እጁን ይዞ የሚጐትት አያስፈልገውም። ስለዚህ ዳኛ ተከሳሹን ከመመርመሩ በፊት፣ ሹሙ በምን ጥርጣሬ ተነሣ? ስንት ጊዜስ ለመነ? ብሎ ይጠይቅ። ጠባቂው ራሱ ያሳተውን ሰው የሚቀጣ ከሆነ፣ ሕዝቡ ከወንበዴ ይልቅ ጠባቂውን ይፈራልና።