የመዝገቡ ቁልፍ ከማን ወደ ማን ይሄዳል?

የቀራንዮ ሰው ድሮ ቀበሌ ሄዶ መታወቂያ ሲያወጣ መዝገቡ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ በዓይኑ ያይ ነበር። ቁልፉ ያለው ሊቀመንበሩ ወይም ጸሐፊው ኪስ ውስጥ ነው። ቀበሌ ንጹሕ ነበር ማለታችን አይደለም፤ በደርግ ዘመን ያ መዝገብ ምን እንደሠራ የረሳ ካለ አባቱን ይጠይቅ። ግን ቢያንስ «ማን ከፈተው?» የሚባል ሰው ነበር።

ዛሬ ያው ሰው አሥር ጣቱን፣ ዓይኑንና ፊቱን ለፋይዳ ይሰጣል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም. ወጣ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ተከተለ። ባንክም አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ቁጥሩን ይጠይቃል። ፋይዳ ይቅር አንልም፤ ወረቀት ያልነበራት እናት ተጠቅማበታለች። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ቁልፉ ከማን ወደ ማን ሊተላለፍ ይችላል?

ጥያቄው የፖለቲካ ብቻ አይደለም። ሃሪሰን፣ ሩዞና ኡልማን የተባሉ የኮምፒዩተር ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1976 አንስተውታል። ነገሩን እንደ ሠንጠረዥ አሰቡት፤ በአንድ ወገን ሰዎች፣ በሌላ ወገን ፋይሎች፣ መገናኛው ላይ ፈቃዱ፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ለሌላ ማስተላለፍ። ሠንጠረዡን የሚቀይሩ ደንቦችም አሉ። ከዚያ ጠየቁ፤ ዛሬ ያልተፈቀደለት ሰው፣ አንድም ደንብ ሳይጣስ፣ ነገ ፈቃዱ እጁ ሊገባ ይችላል?

መልሱ ያስደነግጣል። ደንቦቹ እንደልብ ከተለቀቁ፣ ለማንኛውም ሥርዓት ይህን ሁልጊዜ በትክክል የሚመልስ ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። ማሽኑ ስላነሰ አይደለም እኮ! እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 በስሌት እንደማይፈታ ካሳየው ጥያቄ ጋር አንድ ሆኖ ስለተገኘ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ለውጥ ብቻ እንዲያደርግ ቢገደብ መልስ አለ፤ ሥርዓቱ ሲሰፋ ግን ስሌቱ ዕድሜ ሊጨርስ ይችላል። «ውሰድና ስጥ» በሚባለው በጣም በተገደበ ደንብ ግን መልሱ ቶሎ ይገኛል። ይኼም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ታይቷል።

ወደ ቀራንዮ እንመለስ። መሥሪያ ቤቱ ለባንኩ ይፈቅዳል፣ ባንኩ ለቅርንጫፉ፣ ቅርንጫፉ ለወኪሉ፣ ወኪሉ ለኮምፒዩተር ጠጋኙ። እያንዳንዱ እርምጃ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። መጨረሻ ላይ ግን ማንም ያላሰበው ሰው የእናትየዋን ፋይል ከፍቶ ተቀምጧል። ታዲያ «ሥርዓቱ አስተማማኝ ነው» የሚል ባለሥልጣን ቢመጣ በምን አስልቶ ደረሰበት? ደንቡ ልቅ ከሆነ ማስላቱ ራሱ አይቻልም። ዳታችንን እንዲጠብቅ በአዋጅ የተመደበው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ መንግሥት መንግሥትን ይጠብቃል ማለት ነው!

የምንጠይቀው ቀላል ነው። ፈቃድ ለሌላ የማስተላለፍ ሥልጣን በጥቂት እጅ ይወሰን። ደንቡ ሊሰላ እስኪችል ድረስ ይጥበብ። ፋይሉን ማን መቼ እንደከፈተ ባለቤቱ ይይ። ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ የተባለው ሶፍትዌር ኮዱ ለዓለም የተከፈተ ነው። ማን ለማን መፍቀድ እንደሚችል የሚዘረዝረው ደንብስ ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ ቢታተም ምን ይጎዳል? የአገር ምሥጢር ነው ከተባለ፣ ይኸው ራሱ በግልጽ ይነገረን።