ጃፓንን በግማሽ ተማርናት

ወገኖቼ፣ እስቲ እንዳንዋሽ! ዛሬ ጧት ክፍል ውስጥ የተማርነውን ማታ ለእናታችን ማስረዳት የምንችል ስንቶቻችን ነን? ኮምቦልቻ የሚማረው የምህንድስና ተማሪ ስለ ሽመና መኪና ያጠናውን፣ እዚያው ፋብሪካ መኪናዋን ለምታንቀሳቅስ እህቱ በቋንቋዋ ሊነግራት ይችላል? ይጀምርና መሐል ላይ ቃል ያጥረዋል፤ ከዚያ «ተይው፣ አይገባሽም» ብሎ ያልፋታል። ያልገባው ግን ማነው? እሷ ናት ወይስ እሱ?

ይህን የማነሣው በየውይይታችን ሁለት ወገን ሲፋጠጥ ስለማይ ነው። አንዱ ወገን «ዓለም አንድ መንደር ሆናለች፤ አማርኛ ከቦሌ አያሳልፍም፤ ልጅ በእንግሊዝኛ አፉን ይፍታ» ይላል። ሌላው ወገን ደሞ «ማንነታችን ተሸረሸረ፤ መዝሙሩ ይዘመር፣ ያባቶች ገድል ይነገር፣ ሌላው ይደርሳል» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ጃፓንን ምስክር መጥራታቸው ነው። የፊተኛው ፋብሪካዋን ያያል፤ የኋለኛው ለባህሏ መስገዷን ያያል። ሁለቱም ግማሽ ግማሹን አይተዋል ባይ ነኝ።

ጃፓንን ማድነቅ ለእኛ አዲስ አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ጃፓንን በአርአያነት አንሥተው ጽፈዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት መነሻ አደረጉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ደርሰው ተመልሰው በ1924 ዓ.ም. ስለ አገሪቱ መጽሐፍ አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተጽፎ ከጃፓን ምን ወሰድን? የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ ነው የሚለውን አንቀጽ ወሰድን! ትምህርት ቤቱንስ? እሱን ሳንነካ አለፍነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ያስተምር ነበር፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። አከራዩ ተለወጠ እንጂ ቤቱ ያው የኪራይ ቤት ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንኳ ለአንደኛ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ፈቅዶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለእንግሊዝኛ ተወው።

ጃፓን ግን ምን አደረገች? እ.ኤ.አ. በ1872 የትምህርት ሕጓን ስታወጣ በፈረንጅ ዕውቀት ድሃ ነበረች። የውጭ መምህራን በውድ ደሞዝ ቀጠረች። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በ1877 ሲከፈት አብዛኛው ትምህርት በውጭ ቋንቋ ነበር። ሞሪ አሪኖሪ የተባለው ሰውማ እንግሊዝኛን የአገር ቋንቋ እናድርግ እስከ ማለት ደርሶ ነበር፤ ይኸው ሰው በ1885 የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። አገሩ ግን በዚያ ሐሳብ አልሄደችም። ውጭ የተላኩት ተማሪዎች ተመልሰው የፈረንጁን ወንበር ያዙ፤ መጻሕፍት ተተረጎሙ፤ ስም ያልነበረው ስም ወጣለት። ኒሺ አማኔ የተባለ ምሁር ለፍልስፍና «ቴትሱጋኩ» የሚል አዲስ ቃል ፈጠረ። ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2008 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ቶሺሂዴ ማስካዋ ስቶክሆልም ላይ እንግሊዝኛ ባለመቻሉ ይቅርታ ጠይቆ በጃፓንኛ ተናገረ። እኛ ዘንድ ቢሆን ማትሪክ አያልፍም ነበር!

ሁለተኛው ወገን ይህን ሰምቶ እንዳያጨበጭብ። ጃፓን ሌላም ነገር ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣውን የንጉሠ ነገሥቱን የትምህርት አዋጅ ልጆች እንደ ጸሎት በቃላቸው ያጠኑ ነበር። በዚያ መንፈስ ያደገ ትውልድ ለጦርነት ተማገደ፤ ኮሪያን በያዙበት ዘመንም የኮሪያን ልጅ በገዛ ትምህርት ቤቱ የገዛ ቋንቋውን ነፈጉት። አዋጁ የተሻረው ከሽንፈት በኋላ፣ በ1948 ነው። እንግዲህ ማንነት በመዝሙር ብቻ ሲጋት ወዴት እንደሚያደርስ ከዚያው ከጃፓን እንማር። «በገዛ ቋንቋችን» ስንል «ሁላችሁም በእኔ ቋንቋ» ማለታችን ከሆነ፣ ከሚሴ ያለው ኦሮሞና አርጎባው ወንድማችን ምን ይበለን? የ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ማስተማር እንደሚቻል አሳይቶናል።

ኧረ ለመሆኑ ቶኪዮ ድረስ ምን አስኬደን? መልሱ እኮ ደጃችን ላይ ነው። ከደሴ ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርብ ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ንባቡን በግእዝ አንብበው አንድምታውን በአማርኛ ያፈታሉ። የወሎ ደረሳም ኪታቡን በዓረብኛ ቀርቶ ትርጉሙን በሚያውቀው ቋንቋ ይሰማል። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ እስላሙ በግድ ይጠመቅ ሲባል የተቃወሙት ሸህ ጠልሃ ጃዕፈር በዓረብ ፊደል የጻፉት በአማርኛ ነበር። ፊደሉ ከሩቅ መጣ፤ ሐሳቡ ግን ለጎረቤት ተነገረ። የኔታና ሸሁ ያወቁትን እኛ ዲግሪ ይዘን እንዴት አጣነው?

«ቃል የለንም» የሚለውን ሰበብ ተዉት። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶልናል፤ ስንቶቻችን ገልጠነዋል? «እንግሊዝኛ ይቅር ነው የምትለው?» ለሚለኝም፦ አይቅር! እንደ ቋንቋ ጠንክሮ ይሰጥ፤ የዓለም መስኮት ነውና። መስኮት ግን በር አይደለም። ዛሬ እኮ ሁለቱንም አጥተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ጦርነቱም የመምህር እጥረቱም ድርሻ አላቸው፤ አልክድም። ነገር ግን የጥያቄው ቋንቋ ራሱ ጥያቄ የሆነበት ተማሪ ምን ይመልስ?

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። ወርቁን አቅልጦ የራስ ጌጥ ማድረግ ግን ይቻላል፤ ጃፓን ያደረገችው ይኸንኑ ነው። ሚኒስቴሩ እስኪያዝዘን አንጠብቅ። ለሚቀጥለው እትም እያንዳንዳችን ከምንማረው ትምህርት አንድ ገጽ ብቻ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በአርጎብኛም እንጻፍ፤ ከዚያ ቤታችን ወስደን ለእናታችን እናንብብላት። «ገባኝ» ካለችን ተምረናል። «አልገባኝም» ካለችን ግን ጥፋቱን በእሷ አናሳብብ፤ ቁጭ ብለን እንደገና እንማር።