ስለ ኬሚካል እኩልታ ትምህርት

ልጆች የኬሚስትሪን ትምህርት በጀመሩ ጊዜ ቶሎ ከሚቸግራቸው ነገር አንዱ የኬሚካል እኩልታን ማስተካከል ነው፤ ይኸውም ከቀስቱ በስተግራ የተጻፉት አቶሞች በቍጥር ከቀኙ ጋራ ትክክል እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ብዙዎቹ ነገሩን እንደ እንቈቅልሽ ይዘው ቍጥር እየለዋወጡ ይሞክራሉ፤ ቢገጥምላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ስለ ምን እንደ ገጠመ ቢጠየቁ ግን መልስ የላቸውም። ይህም የሆነው ከሕጉ አስቀድሞ ዘዴው ስለ ተነገራቸው ነው እንጂ ልባቸው ስለ ደነዘ አይደለም።

ይህን ሕግ ለኬሚስትሪ መሠረት አድርጎ ያቆመው አንትዋን ላቯዚዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ለንጉሡ ግብር በውል ከሚሰበስቡት ማኅበርተኞች አንዱ ስለ ነበረ ገቢና ወጪን ማስተያየት ለእርሱ እንግዳ ሥራ አልነበረም፤ በምርምሩም ነገሩን ከመቃጠሉ በፊትና ከተቃጠለ በኋላ በሚዛን ይመዝን ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1789 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በማናቸውም ለውጥ ከለውጡ በፊት የነበረው መጠን ከለውጡ በኋላ ካለው ጋራ እኩል መሆኑን አስረዳ። በ1794 ዓ.ም. በአብዮቱ ዘመን ከግብር ሰብሳቢዎቹ ጋራ ተፈርዶበት አንገቱ ተቈረጠ።

ባሕረ ሐሳብን የተማረ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው፤ ተማሪው 29 ቢያገኝ ወደ ሒሳቡ ይመለሳል እንጂ ሠላሳውን አያጐድልም። በኬሚስትሪም እንዲሁ ሊነኩት የማይገባ ነገር አለ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሆነው ይኖራሉ፤ በውሃ ውስጥ ግን ለሁለት ሃይድሮጅን አንድ ኦክስጅን ብቻ ስለሚገባ አንዱ ኦክስጅን ትርፍ ይሆናል። ችኩል ተማሪ ይህን ትርፍ ወስዶ በውሃው ላይ ይጨምረዋል። ቍጥሩ በርግጥ ገጥሞለታል፤ ነገር ግን የጻፈው ውሃ ሳይሆን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው፤ ይኸውም ለቍስል ማጠቢያና ጠጕር ለማንጣት የሚሆን መድኃኒት ነው፤ ለመጠጥ አይሆንም። ትክክለኛው መንገድ የነገሩን ባሕርይ ሳይለውጡ ብዛቱን መለወጥ ነው፤ ሁለት የሃይድሮጅን ሞለኪውል ከአንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ጋራ ሁለት የውሃ ሞለኪውል ይሰጣል።

ይህ ሁሉ የሰሌዳ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ቢኖር ከሰልን ይመልከት። ከሰል በቂ አየር ሲያገኝ አንዱ የካርቦን አቶም ሁለት ኦክስጅን ይይዛል፤ ለ12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ የሚወጣውም 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ኦክስጅኑ ሲያንስ ግን ካርቦኑ አንድ ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ይህም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። የከሰል ማንደጃ ምንጊዜም ጥቂቱን ይሰጣል፤ በብርድ ሌሊት በሩና መስኮቱ በተዘጋ ቤት ሲገባ ደግሞ ይበዛል። ሽታም መልክም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ስፍራ ይዞ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ሁለቱን እኩልታ ጐን ለጐን አስተካክሎ ያየ ልጅ እናቱን ፍሙን ከቤት አውጪው የሚልበት ምክንያት አለው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ልጁ በአንድ ጊዜ ሁለት ሸክም ይሸከማል። መምህሩ አስቀድሞ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ቢያስረዳው ምን ይጐዳል? መሣሪያም የለም ማለት በዚህ ረገድ ምክንያት አይሆንም፤ ሽምብራውን ሃይድሮጅን ባቄላውን ኦክስጅን አድርጎ በጠረጴዛ ላይ ማስቈጠር ይቻላል። ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚጐበኙ ሹማምንት ደብተር ከመግለጥ ይልቅ ለአንድ ተማሪ 4 ሽምብራና 2 ባቄላ ሰጥተው ውሃ አድርግ ይበሉት፤ አንድ ባቄላ በእጁ የቀረበት እንደሆነም ወዴት እንደሚያገባው ቆመው ይመልከቱ።