ቧንቧውን መክሰስ ይቀላል

ሜይ 31 ቀን 2017 አንድ ስብሰባ ተይዞ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። የብሪታንያ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤም አይ ፋይቭ፣ አንድ ጊዜ ተከታትሏቸው ፋይላቸውን የዘጋባቸው ከ20,000 በላይ ሰዎች ነበሩት። ያን ሁሉ ፋይል አንድ በአንድ ማየት የማይታሰብ ስለሆነ ዳታውን በኮምፒውተር አበጠሩት። እንደገና ሊታዩ ይገባል የተባሉ ጥቂት ስሞች ወጡ። ስብሰባው በእነሱ ላይ ለመነጋገር ነበር። ከስሞቹ አንዱ ሳልማን አቤዲ ነው።

አቤዲ ሜይ 22 ማታ ማንቸስተር አሬና ውስጥ፣ የአሪያና ግራንዴ ኮንሰርት አልቆ ሰው ሲወጣ፣ የተሸከመውን ቦምብ አፈነዳ። 22 ሰው ገደለ። ከሟቾቹ ትንሿ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች። ለስብሰባው 9 ቀን ቀርቶት ነበር።

እኔ ሶፍትዌር እየጻፍኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። ስለዚህ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የማንም ሰው ሐሳብ ላይሆን ይችላል። ያልኩት ምንድን ነው፦ ፍለጋው እኮ ሠርቷል! ማሽኑ የተጠየቀውን መልሷል። መልሱ ካላንደር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

በዚያ ሳምንት ሁለቱ ወዳጅ መንግሥታት የተጣሉት ግን በሌላ ነገር ነው። የብሪታንያ ፖሊስ የአጥቂውን ስም ይፋ ሳያደርግ የአሜሪካ ሚዲያዎች አወጡት። ሜይ 24 ደግሞ ኒውዮርክ ታይምስ ከፍንዳታው ቦታ የተነሱ የቦምቡን ቁርጥራጭ ፎቶዎች አተመ። ብሪታንያዎቹ በአደራ የሰጠነው መረጃ በአሜሪካ በኩል ሾለከ ብለው በገኑ። የማንቸስተር ፖሊስ ስለ ጥቃቱ ለአሜሪካኖቹ መረጃ መስጠት አቆመ። ቴሬሳ ሜይ ብራስልስ ላይ፣ በኔቶ ስብሰባ፣ ጉዳዩን ለትራምፕ አነሱ። ትራምፕም ነገሩ በጣም አሳሳቢ ነው ብለው የፍትሕ መሥሪያ ቤታቸው ግምገማ እንዲያካሂድ ጠየቁ። ሜይ 25 ማታ ዋስትና ተሰጠና ቧንቧው ተመልሶ ተከፈተ።

(እኛ አገር ግምገማ ሲባል ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ጥፋተኛው ከስብሰባው በፊት ይታወቃል።)

የፖሊሶቹ ንዴት ልክ ነበር። ገና ልጁን ለይቶ ያልቀበረ ቤተሰብ የገደለበትን ዕቃ በጋዜጣ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅተኝም። ደግሞም አሜሪካ በዚያ ወር መረጃ አያያዝ ላይ ስሟ አልነበረም፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ከወዳጅ አገር፣ ዘገባዎች እንዳሉት ከእስራኤል፣ የመጣ ምስጢር ለሩሲያው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቢሯቸው ውስጥ ነግረውታል። ቧንቧው ያፈስሳል፤ እሱን አልክድም።

የምለው ሌላ ነው። ከሽብር ጥቃት በኋላ መንግሥታት ከወዳጅ አገር ጋር ያለውን የመረጃ ልውውጥ ለመገምገም የሚሮጡት እዚያ ስላመማቸው አይደለም። እዚያ ሌላ ሰው ስላለ ነው። ቧንቧው ሁለተኛ ጫፍ አለው፣ በሁለተኛው ጫፍ የውጭ አገር ሰው ቆሟል፣ ጣት ለመቀሰር ይመቻል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ይኼው ነው።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ ድርጅት ስሠራ፣ ከአንድ ባንክ የሚመጣ የክፍያ ዳታ ከእኛ መዝገብ ጋር ካልገጠመ ኢሜይል የሚልክ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩ። ኮሩሁበት። ችግሩ በቀን ከመቶ በላይ ኢሜይል መላኩ ነበር። አብዛኛው ለረባ ነገር አይደለም፤ የሣንቲም ልዩነት፣ የሰዓት ልዩነት። በሁለተኛው ሳምንት ሁላችንም ኢሜይሉን በቀጥታ ወደ ሌላ ፎልደር የሚወስድ ፊልተር አበጅተን ጆሮ ዳባ ልበስ አልነው። እኔም፣ የጻፍኩት ሰውዬ። ከዚያ አንድ ቀን የምር ገንዘብ ጠፋ። የሰዎች ደመወዝ ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ ማንም አላየውም።

ስብሰባ ተጠራ። የመጀመሪያው አጀንዳ ምን ነበር? «ባንኩ ዳታውን በሰዓቱ ልኮልናል?» ግማሽ ሰዓት የባንኩን ልጆች ስናማ ቆየን። በኋላ ሎጉን ከፈትኩት። ባንኩ በሰዓቱ ልኳል። የእኔም ማስጠንቀቂያ በሰዓቱ ጮኋል። ፎልደሩ ውስጥ ሳይከፈት ተኝቷል። ይህን ለክፍሉ ለመናገር የወሰደብኝ ጊዜ እስካሁን ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ማንቸስተር ልመለስ፣ ሎጉ እዚያም ተከፍቷልና።

ጠበቃው ዴቪድ አንደርሰን የደኅንነቱና የፖሊሱ የውስጥ ግምገማዎች በትክክል መሠራታቸውን እንዲያይ ተሾሞ በዲሴምበር 2017 ሪፖርቱን አወጣ። አቤዲ ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ 2014 ክትትል ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ፋይሉ ተዘጋ። ከጥቃቱ በፊት በነበሩት ወራት ኤም አይ ፋይቭ ስለ እሱ ሁለት ጊዜ መረጃ ደርሶታል። ሁለቱንም ጊዜ ከሽብር ጋር አይያያዝም ተብሎ ታለፈ። ካርዱ በሌላ መንገድ ወጥቶ ቢሆን ጥቃቱ ሊከሽፍ ይችል እንደነበር አንደርሰን በጥንቃቄ ጽፏል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ መረጃ አልደረሰንም የሚል ቃል የለም። ደርሷል። ሁለቴ።

ከዚያ የሕዝብ አጣሪው መጣ፤ ጡረታ የወጡት ዳኛ ሰር ጆን ሳንደርስ የመሩት። ሦስተኛው ቅጽ የወጣው ማርች 2023 ነው። ያልተቋጨው ነገር ያለው እዚያ ነው። ከሁለቱ መረጃዎች አንዱ የደረሰው የደኅንነት ሠራተኛ ነገሩ የአገር ደኅንነት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል በጊዜው ታስቦታል። ከባልደረቦቹ ጋር ወዲያው መነጋገር ነበረበት፣ አልተነጋገረም። ሪፖርቱን በዚያው ዕለት መጻፍ ነበረበት፣ አልጻፈም። በቃ። ያ ነው ትልቁ ያመለጠ ዕድል የተባለው። አቤዲ ሜይ 18 ከሊቢያ ሲመለስ አየር ማረፊያው ላይ ማንም አልጠበቀውም። ተከታይ ቢኖር ኖሮ ፈንጂው ወደተደበቀባት የቆመች ኒሳን ማይክራ ሊመራቸው ይችል ነበር። ሳንደርስ ጥቃቱ በእርግጠኝነት ይከሽፍ ነበር አላሉም። ዕድሉ ግን እውነተኛ ነበር አሉ። የኤም አይ ፋይቭ ኃላፊ ኬን ማካለም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ።

ለእኔ ከሁሉ የከበደው ሌላ ነው። መሥሪያ ቤቱ እንደ ተቋም ለአጣሪው ያቀረበው ማብራሪያ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው በዝግ ችሎት ከተናገሩት ጋር አልገጠመም። ሳንደርስ ማብራሪያውን ነገሩ ካለፈ በኋላ የተሠራ ማስተባበያ ይመስላል አሉት። ሎጉ አንድ ነገር ይላል፣ ስብሰባው ሌላ። የውስጥ ሰዎች ይህን እስኪያምኑ ወደ 6 ዓመት ሆኗል። የወዳጅ አገር ሾልኮ መውጣትን ለማውገዝ ግን 3 ቀን በቂ ነበር።

ሁሌ ይኼ ነው ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ቧንቧው ራሱ ተዘግቶ ሰው ያለቀበት ጊዜ አለ። ከሴፕቴምበር 11 ጠላፊዎች ሁለቱን ሲአይኤ ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ ያውቃቸው ነበር፤ ስማቸው ክትትል ዝርዝር ውስጥ የገባው በኦገስት 2001 መጨረሻ ነው፣ ጥቃቱ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው። ያ የልውውጥ ችግር ነው፣ ያውም በአንድ አገር ውስጥ። ከዚያ በኋላ ፍልስፍናው ተገለበጠ፦ የሚያስፈልገው ሰው ብቻ ይወቅ የነበረው፣ ሁሉም ይካፈል ሆነ። መረቡ ሰፋ። በ2010 አንድ ተራ ወታደር ከ250,000 በላይ የኤምባሲ መልእክቶች ገልብጦ አወጣ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩትም ነበሩበት። ወዲያው ደግሞ መረቡ ይጥበብ ተባለ። ክፈት፣ ዝጋ፣ ክፈት። በመሀል ግን ማን ያነብባል የሚለውን ጥያቄ ማንም አላነሳም።

በዲሴምበር 2009 አንድ ናይጄሪያዊ ወጣት የውስጥ ሱሪው ውስጥ ፈንጂ ደብቆ ከአምስተርዳም ዲትሮይት የሚበር አውሮፕላን ላይ ተሳፈረ። ፈንጂው በትክክል ስላልፈነዳ ነው ሰው የተረፈው። አባቱ ከአንድ ወር በፊት አቡጃ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ድረስ ሄደው ልጄን ፍሩት ብለው ነበር። አባት! ከዚህ በላይ ምን ልውውጥ አለ? ኤምባሲው ልጁ ቪዛ እንዳለው ሲፈልግ ስሙ በስሕተት ተጽፎ ስለነበር አላገኘም። ቪዛው ግን ነበረው። ኦባማ በጃንዋሪ 2010 ሲናገሩ ችግሩ መረጃ አለመሰብሰብ ሳይሆን የተሰበሰበውን አለማገናኘትና አለመረዳት ነው አሉ።

ይቺ የስም ነገር ለእኛ ቅርብ ናት። የእኔ ስም «ጸ» አለበት፤ በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፎ በእጄ ወረቀት አለኝ። የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚቆጥር ፎርም ሁሉ እኔንና እህቴን ቤተሰብ ሲያደርግ እናታችንን ባዕድ ያደርጋታል። አንድ ገንቢ እንዲህ ያለውን ለመፍታት ምን ያደርጋል? ማዛመጃውን ያላላል፤ በትንሹ የሚመሳሰል ስም ሁሉ ይያዝ ይላል። ያኔ የዲትሮይቱ ልጅ ይገኝ ይሆናል። ከእሱ ጋር ግን አንድ ሺህ ምንም ያላደረገ ሰው ይገኛል፣ ዝርዝሩ ለወዳጅ አገር ይላካል፣ ወዳጅ አገር ለሌላ ወዳጅ ይልካል፣ ስሙ ለስሕተት የሚመች ሰው ፍራንክፈርት ላይ ከሰልፍ ይወጣል። የሚያነብበው ሰው ቁጥር ግን አልጨመረም። ይልቅ ፎልደሩ ወፈረ። የእኔ መቶ ኢሜይል ማለት ነው።

ስለዚህ ከጥቃት ማግስት «አንድ የጋራ ዳታቤዝ ቢኖር» የሚሉትንም፣ «ከእነዚህ ጋር መረጃ ማቆም ነው» የሚሉትንም እኩል አላምናቸውም። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ጊዜ የእኔ የሙያ ሰዎች ናቸው፤ ዳሽቦርድ ይሸጣሉ። ዳሽቦርድ ደግሞ መጥፎ ነገር አይደለም፣ የሚያየው ሰው ካለ። የምፈልገው ግምገማ አሰልቺ ነው፦ መረጃው ስንት ሰዓት ደረሰ፣ ማን ከፈተው፣ ማን ጻፈ፣ ማን ነገረ፣ ለምን ስብሰባው ሜይ 31 ሆነ ሜይ 10 አልሆነም። ለዚህ ብራስልስ መሄድ አያስፈልግም። ከፎቁ አይወጣም።

ቆስለው የተረፉትና የሟች ቤተሰቦች የሳንደርስን ሪፖርት ይዘው ደኅንነቱን ለመክሰስ ሞክረዋል፤ ከ250 ሰው በላይ ነበሩ። የደኅንነት ተቋማትን ጉዳይ የሚያየው ልዩ ችሎት በኖቬምበር 2024 ክሱን ሳያየው ዘጋው። ምክንያቱ አንድ ነበር፦ ዘግይታችሁ መጣችሁ።