ኢንቨርተሩን እየሸጥን ፊውዙን የት ጣልነው?

ከጋቦዴ

ባለፈው ወር አንድ የኦቦክ ሽማግሌ ሱቄ ገብተው በፌስታል የጠቀለሉትን ነገር ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ፈትቼ ሳየው ፕላስቲኩ ቀልጦ መዳቡ የጠቆረ ገመድ ነው። ከሦስት ወር በፊት ባለ 1000 ዋት ኢንቨርተር ሲገዙ ከካርቶኑ ጋር የሰጠኋቸው ገመድ።

ጀልባቸው የእንጨት ናት። ሞተር አላት፤ ነፋሱ ሲመች ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሸራ ይዘረጋሉ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሌሊት ሲጓዙ ልጃቸው ሻይ ሊያፈላ ትንሿን የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ሰካ። ውኃው ሳይፈላ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሽማግሌው መቆንጠጫውን በጨርቅ ይዘው ከባትሪው ላይ ነቀሉት። «ልጄ፣ ዕቃው ደህና ነው፤ ይህን ገመድ ግን ምን ብለህ ሰጠኸኝ?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለእናንተ፣ እንደ እኔ ኢንቨርተር ለምትሸጡ ነጋዴዎች ነው። ከእኛ እጅ የሚወጣው ዕቃ ገሚሱ ሌስካል ላይ ጀልባ ይገባል፣ ገሚሱ በባቡር ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ገሚሱ በከባድ መኪና ጋላፊን ይሻገራል። ገዢው የሚጠይቀን «ስንት ዋት ነው?» ብቻ ነው፤ እኛም የምንመልሰው ዋቱንና ዋጋውን ብቻ ነው። እሳቱ የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኢንቨርተሩ ሳይሆን በባትሪውና በኢንቨርተሩ መካከል ካለው ገመድ ነው። ስለዚያ ገመድ ደግሞ ማንም አይጠይቅም፤ እኛም አናነሳም።

ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ቤት ውስጥ በ220 ቮልት 1000 ዋት ስትጠቀሙ በገመዱ የሚያልፈው 4.5 አምፔር ያህል ነው። ያንኑ 1000 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ስትስቡት 83 አምፔር ይሆናል፤ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመርበት ወደ 95 ይጠጋል። የገመድ ሙቀት ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። በዚህ ስሌት ቤት ውስጥ ምንም የማይሆነው ገመድ ባትሪ ላይ ሲታሰር ከ300 እጥፍ በላይ ይሞቃል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አጠር ያለ፣ እንደ ርዝመቱ 25 ወይም 35 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ ነው። በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን አውጥታችሁ ለኩት። አፍራችሁ ትመልሱታላችሁ።

አሁን ወደ ፊውዙ ልምጣ። እዚህ ፈረንሳይኛ የለመደው ደንበኛ «ፉዚብል አለው ወይ?» ሲለን «ውስጡ አለ» እንላለን። እውነት ነው፣ ውስጡ አለ፤ እሱ ግን የሚጠብቀው ኢንቨርተሩን ነው። ጀልባ ይወዛወዛል፣ ገመዱ ከሚስማርና ከእንጨት ጋር ይፋተጋል፣ ጨው ይበላዋል። አንድ ቀን ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ ጋር ከተነካካ ትልቅ ባትሪ በቅጽበት ከ1000 አምፔር በላይ ሊለቅ ይችላል። በኢንቨርተሩ ሆድ ያለው ፊውዝ ይህን አያየውም፤ እሳቱ እዚያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ፊውዙ ባትሪው አፍንጫ ሥር፣ ፖዘቲቩ ላይ መሆን አለበት። የአሜሪካ የጀልባና ያክት ምክር ቤት ደረጃ በመሠረቱ ከባትሪው 18 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ እንዲሆን ይላል። መጠኑም ገመዱ ከሚችለው አይበልጥ፤ «እንዳይቃጠልብኝ» ብሎ ትልቅ ፊውዝ ማስገባት ፊውዝ እንደሌለ ነው። ለዚህ የሚሆነውም የመኪና ሬዲዮ ትንንሽ ፊውዝ ሳይሆን በብሎን የሚታሰረው ትልቁ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ፊውዝና ወፍራም ገመድ ጨምረህ ስትጠራ፣ ሰውየው ከጎንህ ካለው ሱቅ ባዶውን ገዝቶ ይሄዳል» አለኝ። ልክ ነው፣ ይሄዳል። እኔም ለዓመታት ዝም ያልኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ግን የብስ ላይ ገመድ ሲቃጠል ሰው ሮጦ ይወጣል። ባሕር ላይ ወዴት ይወጣል? እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2019 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳንታ ክሩዝ ደሴት አጠገብ ኮንሴፕሽን የምትባል የጠላቂዎች ጀልባ ሌሊት ተቃጥላ ከሥር የተኙት 34 ሰዎች አልቀዋል። የእሳቱ መነሻ በምርመራው በእርግጠኝነት አልታወቀም፤ ስለዚህ ኢንቨርተር ነው እያልኩ አይደለም። የታወቀው ግን ሁሉም ተኝተው ሳለ ዞሮ የሚጠብቅ ሰው እንዳልነበረ ነው። እኛ የምንሸጥላቸው ጀልባዎችም ሌሊት ስልክ ቻርጅ ላይ ሰክተው ነው የሚተኙት። ለስልክ ብቻ ከሆነ እንዲያውም ኢንቨርተር አያስፈልግም፤ በቀጥታ ከ12 ቮልት የሚሠራ ቻርጀር መሸጥ ይቻላል። ትርፉ ያነሰ ነው፣ አውቃለሁ።

የዋቱም ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 2000 ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ የሚችለው ነው፤ ያለማቋረጥ የሚሠራበት ግማሹ ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን የተለካው ብዙውን ጊዜ በ25 ዲግሪ ነው። በሐምሌ፣ ካምሲን ሲነፍስ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ የጀልባ ጉያ ውስጥ ማን 25 አገኘ?

ደንበኛው የት እንደሚያስቀምጠውም እንጠይቀው። ብዙዎቹ «ገመዱ እንዲያጥር» ብለው ባትሪው አናት ላይ ይጭኑታል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ቤንዚን ካለበት ክፍልም ይራቅ። ደረቅ፣ አየር የሚያገኝ፣ ከባትሪው ጎን በግድግዳ የተለየ ቦታ ይሻላል። ከሶኬቱ የሚወጣው ደግሞ ያው 220 ነው፤ ከባትሪ መጣ ተብሎ በእርጥብ እጅ አይነካም። ዲፈረንሲየል የሚሉት ማቋረጫ እንኳ በትክክል ካልታሰረ በርካሽ ኢንቨርተር ላይ ላይሠራ ስለሚችል፣ ያንን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው።

ሸራ ዘርግተው የሚሄዱት ላይ አንድ ሌላ ችግር አለ። ሞተሩ ስለማይሠራ ባትሪው አይሞላም። ኢንቨርተሩ «ባትሪ አለቀ» ብሎ የሚያቋርጠው 10.5 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተር የማስነሳት አቅም የለውም። ባብ ኤል መንደብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ እዚያ ትልቅ መርከብ እየመጣብህ ሞተሩ እምቢ ሲል አስቡት። ለኢንቨርተር የብቻው ባትሪ ይኑረው።

የከባድ መኪና ሾፌሮቻችንንም አልረሳሁም። መኪናው 24 ቮልት ነው፤ 12 ቮልቱን ኢንቨርተር ሽጠንላቸው ከሁለቱ ባትሪ አንዱ ላይ ብቻ ያስሩታል፤ ሁለቱም ባትሪ ቶሎ ይበላሻል። 24ቱን እንስጣቸው።

ለሽማግሌው ወፍራም ገመድና ፊውዝ በነጻ ሰጥቼ፣ ሌስካል ድረስ ሄጄ ሲታሰር አየሁ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከ500 ዋት በላይ የሆነ ኢንቨርተር ያለ ፊውዝና ያለ ልክ ገመዱ ከሱቄ አይወጣም። የቸገረኝ ገመዱ ነው፤ በቆርቆሮ የተለበጠ 35 ካሬ የመዳብ ገመድ በሜትር የሚሸጥ ያገኘ ካለ፣ እዚህም ሆነ ድሬዳዋ፣ ከሥር ይጻፍልኝ። በጋራ ብናስመጣው ዋጋው ይቀንሳል።